ጥያቄና መልስ ከአሠልጣኙ ጋር፦ የእኛ ኳስ አሜሪካ ውስጥ የት ደርሷል?

አስተናጋጅ፦ ዛሬ ጥያቄያችሁን የሚቀበሉት በሜሪላንድ ከሃያ ዓመት በላይ ታዳጊዎችን ያሠለጠኑት፣ ሁላችንም «አሠልጣኝ» እያልን የምንጠራቸው አባላችን ናቸው። ርዕሱ አንድ ነው፤ እግር ኳስ ከአሜሪካ ፉትቦል፣ ከቤዝቦልና ከቅርጫት ኳስ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ተወዳጅ ሆኗል? ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሠልጣኝ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ኳሱ አደገ» የሚለኝ ሰው ምን እንደቆጠረ ይንገረኝ። የሚጫወተውን ልጅ ነው? ቲኬት ቆርጦ ስታዲየም የሚገባውን ነው? ወይስ ሶፋው ላይ ሆኖ የሚያየውን? እነዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሳትለዩ ብትጠይቁኝ አልመልስም።

ካዛንቺስ፦ እግር ኳስ ቤዝቦልን አልፏል ሲባል በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ እውነት ነው? የምጠይቀው ስለሚያዩት ሰዎች ነው።

አሠልጣኝ፦ ለይተህ ስለጠየቅህ ተባረክ። ጋላፕ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት አሜሪካኖችን «ከሁሉ አብልጣችሁ ማየት የምትወዱት ስፖርት የትኛው ነው?» እያለ ለአሥርተ ዓመታት ሲጠይቅ ኖሯል። በ1948 ቤዝቦል 39 በመቶ ነበረው። በ2017 ወደ 9 ወረደ፤ እግር ኳስ ደግሞ 7 ላይ ደረሰ። «ሊያልፈው ነው» የሚለው ጩኸት የተነሣው ያኔ ነው። በ2023 መጨረሻ እንደገና ሲጠየቁ ቤዝቦል 10፣ ቅርጫት ኳስ 9፣ እግር ኳስ 5 አገኙ። የአሜሪካ ፉትቦል ብቻውን 41። ከ7 ወደ 5 መውረድ በናሙና ስሕተትም ሊመጣ ስለሚችል ኳሱ ሞተ አልልም፤ አለፈ የሚለውን ግን ከየት አመጣችሁት? ቤዝቦልን ከዙፋኑ ያወረደው የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ እኛ ስንደርስ ወንበሩ ተይዞ ነበር።

የዴንቨሩ፦ ግን የአሜሪካው የእግር ኳስ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ሶከር፣ በስታዲየም ተመልካች የቅርጫት ኳሱን ሊግ ኤን ቢ ኤን አልፎታል! ቁጥሩን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሠልጣኝ፦ አይተሃል፤ አላካፈልህም። በ2024 የእኛው ሊግ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ23 ሺህ በላይ ሰው አስገብቷል። ኤን ቢ ኤ ወደ 18 ሺህ ነው። ለምን? ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱበት አዳራሽ ከዚያ በላይ ሰው አይዝማ! ደግሞም አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን በዓመት 41 ጊዜ በሜዳው ይጫወታል፤ የእኛው 17 ጊዜ፤ የቤዝቦል ቡድን 81 ጊዜ። ቤዝቦል በአንድ የውድድር ዘመን ከ70 ሚሊዮን በላይ ቲኬት ይሸጣል። እኛ 11 ሚሊዮን ገደማ። ቁጥር ያለ አካፋዩ አታምጡብኝ።

ሕግ ተማሪ፦ አሠልጣኝ፣ የአሜሪካ ሊግ ላይ መውጣትና መውረድ የሌለው ለምንድን ነው? ያለ ወራጅ ቀጠና ኳስ ምን ጣዕም አለው?

አሠልጣኝ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሻይህን ይዘህ ተቀመጥ።

መጀመሪያ የቀድሞውን ሊግ እወቅ። የሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ሊግ የተመሠረተው በ1968 ነው። በ1975 የኒው ዮርኩ ኮስሞስ ፔሌን አመጣ፤ በ1977 ቤከንባወር ተከተለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጃይንትስ ስታዲየም 77,691 ሰው ገባ። «አሜሪካ ተማረከች» ተባለ። ሌሎቹ ክለቦችም ኮስሞስን ለመምሰል የሌላቸውን ገንዘብ ረጩ፤ ሊጉ እስከ 24 ቡድን ድረስ ተለጠጠ። በ1984 የቀሩት ዘጠኝ ነበሩ፤ ከዚያ ተዘጋ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ፊፋ የ1994ን የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ሲሰጥ አንደኛ ደረጃ ሊግ እንድታቋቁም ቃል አስገብቷት ነበር። በ1996 በአሥር ቡድን የተጀመረው ሊግ የተዋቀረው በዚያ ፍርሃት ነው። ተጫዋቹ የሚፈርመው ከክለቡ ጋር ሳይሆን ከሊጉ ጋር ነው፤ ባለሀብቶቹም ክለብ ገዙ ይባል እንጂ የያዙት የአንድ ትልቅ ድርጅት ድርሻ ነው። የደመወዝ ጣሪያ አለ። ተጫዋቾቹ «ይህ ውድድርን ማፈን ነው» ብለው ከሰሱ፤ በ2002 ይግባኛቸውም ውድቅ ሆነ።

አሁን ዋናውን ስማኝ። በዚሁ በ2002 መግቢያ የታምፓና የማያሚ ክለቦች ፈረሱ። ሊጉ ወደ አሥር ተመለሰ። ፊሊፕ አንሹትዝ የሚባል ባለሀብት በአንድ ወቅት ስድስት ቡድን ብቻውን ይዞ ነበር፤ ላማር ሀንት ደግሞ በኮሎምበስ በ1999 ለእግር ኳስ ብቻ የተሠራ ስታዲየም አቆመ። እነዚህ ሰዎች በዓመቱ ኪሣራ ተሰላችተው ቢወጡ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር አልነበረም። ሊጉ የተረፈው በሜዳ ውበት መሰላችሁ? በሒሳብ ሹም ትዕግሥት ነው! በዋሽንግተን አር ኤፍ ኬ ስታዲየም፣ ቤዝቦሉ በ2005 ሲመጣ፣ ሣሩ መሐል ለእነሱ በተነጠፈው ቀይ አፈር ላይ የእኛ ኳስ ሲነጥር አይቻለሁ። ተከላካዩ ሲንሸራተት አቧራው ይነሣል። እንደ ደባል ነበርን።

በ2007 ቶሮንቶ ለመግቢያ 10 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2025 ሠላሳኛ ሆኖ የገባው የሳንዲያጎ ክለብ 500 ሚሊዮን ዶላር። ዴቪድ ቤካም በ2007 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲመጣ በውሉ ውስጥ በ25 ሚሊዮን ዶላር አዲስ ቡድን የመመሥረት መብት አስገብቶ ነበር፤ ኢንተር ማያሚ የተወለደው ከዚያ አንቀጽ ነው። እስቲ አንተ 500 ሚሊዮን ከፍለህ በሦስተኛው ዓመት ወደ ታችኛው ሊግ መውረድ ትቀበላለህ? መልሱ ይኸው ነው። እኔም ወራጅ ቀጠና ይናፍቀኛል፤ ግን ናፍቆት ዕዳ አይከፍልም።

ቦሌ፦ ስለ ሜሲ ምን ይላሉ?

አሠልጣኝ፦ ምን ልበል? ጥያቄው የት አለ?

ቦሌ፦ ማለቴ፣ አሜሪካ ውስጥ እግር ኳስን አሳደገው ወይ?

አሠልጣኝ፦ ምን ቆጥረህ? በ2023 ሐምሌ መጣ፣ ሮዝ ማሊያ ተሸጠ፣ ማያሚ ዋንጫ በላ። ፔሌም መጥቶ ነበር፤ እሱ ከሄደ በሰባት ዓመት ሊጉ ተቀበረ። ልዩነቱ ሜሲ የመጣው የራሱ ስታዲየምና የራሱ ሒሳብ ሹም ወዳለው ቤት መሆኑ ነው። ቀጥሎ።

አርሰናል እስከ መቃብር፦ አሜሪካኖች ግን እውነተኛውን ኳስ ያያሉ? የእኛን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ማለቴ ነው።

አሠልጣኝ፦ ያያሉ፤ ይህም ከምታስቡት በላይ የሚያስገርም ታሪክ አለው። የአሜሪካው ኤን ቢ ሲ ለስድስት የውድድር ዘመን 2.7 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ምሥጢሩ ሰዓቱ ነው። የለንደን የቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታ በዋሽንግተን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት ፉትቦል የለም፣ ቤዝቦል የለም፣ ማንም ተቀናቃኝ የለም። ኳሱ አሜሪካ የገባው የተኛችበትን ሰዓት መርጦ ነው። የቤት ውስጡ ሊግ ግን ማታ ማታ ከሁሉም ጋር ይጋፋል። ለብዙ ዓመታት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ያየው የነበረው የኳስ ሊግ የእንግሊዝም የአሜሪካም አልነበረም፤ የሜክሲኮ ነው፣ በስፓንኛ። እሱን የማይቆጥር ሰው ግማሹን ቤት ሳያይ ኪራይ የሚተምን ደላላ ነው።

ዩናይትድ ብቻ፦ የአርሰናል ደጋፊ በጠዋት የሚነሣው ለማልቀስ ነው።

አርሰናል እስከ መቃብር፦ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው በጠዋት የምትነሣው? ቡድንህ ከተሸነፈ በኋላ ነው ስልክህን የምትከፍተው።

መርካቶ፦ ሁለታችሁም ተዉት። እኔን የሚያናድደኝ ስሙን «ሶከር» ብለው መቀየራቸው ነው። በእጅ የሚይዙትን «ፉትቦል» ይሉታል!

የዴንቨሩ፦ «ሶከር» የእንግሊዞች ቃል ነው፤ «አሶሲዬሽን» ከሚለው ተቆርጦ የወጣ። አሜሪካኖች ተቀበሉት እንጂ አልፈጠሩትም።

መርካቶ፦ አሁን ደግሞ የቋንቋ ሊቅ ሆንህልን።

አሠልጣኝ፦ የዴንቨሩ ልክ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ቃል አልጨምርም።

አስተናጋጅ፦ የክለብ ንትርኩን እዚህ ላይ እናቁም። የቀጠለውን አነሣለሁ።

የአሌክሳንድሪያዋ እናት፦ ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ። ኳስ ትወዳለች። አንድ ክለብ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ጠየቀን፤ ማሊያና ጉዞ ሳይጨምር። እኔ ያደግሁት ልጆች ካልሲ በጨርቅ ጠቅልለው ሲጫወቱ እያየሁ ነው። ይህ ነገር ትክክል ነው?

አሠልጣኝ፦ እህቴ፣ ትክክል አይደለም፤ የተለመደ ግን ነው። የአሜሪካ ኳስ ትልቁ ቁስል ይህ ነው። በሌላው ዓለም የድሃ ጨዋታ የሆነው እዚህ የመኪናና የትርፍ ገንዘብ ጨዋታ ሆኗል። ቅርጫት ኳስ በየመናፈሻው ቆሟል፤ ልጁ ኳስ ይዞ መሄድ ብቻ ይበቃዋል። እኛ ግን ለልጅ ኳስ ደረሰኝ እንቆርጣለን። አንድ ታዳጊ ነበረኝ፣ ግራ እግሩ ዛሬም በሕልሜ ይመጣል። ክለቡ ለውድድር ወደ ሌላ ግዛት ሲወስዳቸው ቤተሰቡ የሆቴል መክፈል አቃተው። አቋረጠ። እኔም ለክለቡ ኃላፊዎች ጮኼ ምንም አላመጣሁም። ከዚህ በኋላ «አሜሪካ ለምን ሜሲ አታፈራም?» የሚል ሰው ሲመጣብኝ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። የሜጀር ሊግ ክለቦች አካዳሚዎች አብዛኛውን ወጪ በራሳቸው መሸፈን ጀምረዋል፤ ግን እዚያ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፣ ያውም ወንዱ።

ልጅሽ ሴት በመሆኗ ግን የያዝሽው ዕድል ትልቅ ነው። በ1972 «ታይትል ናይን» የሚባል ሕግ ወጣ፤ ከመንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት ሴቶችን ከስፖርት ማግለል ተከለከለ። ኮሌጆቹ ለፉትቦል ወንዶች የሚሰጡትን ነጻ ትምህርት የሚያመጣጥኑበት የሴቶች ስፖርት ፈለጉ፤ ኳስ ርካሽ ነበርና ተመረጠ። ሌላው ዓለም ሴትን ከሜዳ ሲያባርር እዚህ የኮሌጅ ክፍያ ሆነላት። ውጤቱ አራት የዓለም ዋንጫ ነው፦ 1991፣ 1999፣ 2015፣ 2019። የ1999ኙን ፍጻሜ በፓሳዲና ሮዝ ቦውል 90,185 ሰው አየው። እውነተኛውን የአሜሪካ ኳስ ታሪክ የጻፉት ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ በ2017 በትሪኒዳድና ቶቤጎ 2 ለ 1 ተሸንፈው የ2018ቱን የዓለም ዋንጫ በቴሌቪዥን አዩ።

ምክሬ፦ በዘጠኝ ዓመት ውድ ክለብ አያስፈልጋትም። በከተማው መዝናኛ መምሪያ የሚካሄደውን ርካሽ ሊግ ጠይቂ። ክለቡንም የክፍያ ድጎማ እንዳለው በጽሑፍ ጠይቂው፤ ብዙዎቹ አላቸው፣ አይናገሩም እንጂ።

ድሬ፦ ከእኛ ልጆች በዚያ ሊግ የተጫወተ አለ?

መርካቶ፦ ማን ሊኖር! እኛ ሯጮች ነን።

አሠልጣኝ፦ ሳታውቅ አትመልስልኝ። ፉአድ ኢብራሂም የአንተው አገር ልጅ ነው ድሬ፤ ድሬዳዋ ተወልዶ ሚኒሶታ ያደገ። በ2007 የዳላስ ክለብ ገና በ15 ዓመቱ መረጠው፤ በኋላ ለቶሮንቶ ተጫወተ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሱበት በ2013ም በስብስቡ ውስጥ ነበር። ጌዲዮን ዘላለም በርሊን ተወልዶ፣ እዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ አድጎ አርሰናል ገባ፤ ከዚያ ለካንሳስ ሲቲና ለኒው ዮርክ ተጫውቷል። በየዓመቱ በሐምሌ አራት ሰሞን የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድርም ከ1984 ጀምሮ አለ። ልብ በሉ፤ የአሜሪካኖቹ የቀድሞ ሊግ የመጨረሻ ውድድሩን ባካሄደበት ዓመት የእኛው ተከፈተ።

የዴንቨሩ፦ ማስታወቂያ ማስገቢያ ስለሌለው ነው ቴሌቪዥኖቹ የሚጠሉት ይባላል።

አሠልጣኝ፦ ድሮ አዎ። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ግን ፊፋ በየአጋማሹ የሦስት ደቂቃ የውኃ እረፍት እንዲኖር ወሰነ፤ ሙቀት ቢኖርም ባይኖርም፣ ጣሪያ ያለው ስታዲየም ቢሆንም። ውኃው ለማን እንደሆነ እናንተ ገምቱ።

ጎንደር ፋሲል፦ የእግር ኳስ መጻኢ ዕድል በአሜሪካ ምን ይመስላል?

አሠልጣኝ፦ ሰፊ ነው። ጠበብ አድርገህ ተመለስ።

ጎንደር ፋሲል፦ በአሥር ዓመት ውስጥ አንደኛ ይሆናል?

አሠልጣኝ፦ አይሆንም። በ2025 የፉትቦሉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ወደ 127 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። የ2022ቱን የአርጀንቲናና የፈረንሳይ ፍጻሜ አሜሪካ ውስጥ በሁለት ቋንቋ ተደምሮ 26 ሚሊዮን ገደማ። ያውም ያየነው ምርጥ ፍጻሜ ነበር።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። እግር ኳስ ቤዝቦልን አልፏል የሚባለው እውነት ነው?

አሠልጣኝ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ ረጅም ስለሆነ ነው፤ በአጭሩ?

አሠልጣኝ፦ 10 እና 5። የትኛው እንደሚበልጥ ራስህ እወቅ። ልጆች ሜዳ ላይ እየጠበቁኝ ስለሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ።

ቦሌ፦ የዓለም ዋንጫ ቲኬት በርካሽ የት ይገኛል?

አሠልጣኝ፦ እኔ ዘንድ የለም። ሌላ አንድ።

የአሌክሳንድሪያዋ እናት፦ ጋሼ፣ ለልጄ ስንት ቁጥር ኳስ ልግዛላት?

አሠልጣኝ፦ ቁጥር 4። «ታድግበታለች» ብለው 5 እንዳይሸጡልሽ። ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በእኛ ሜዳ አካባቢ ከሆንሽ ይዘሻት ነይ፤ ደረሰኝ አልቆርጥም።