ደሴ ላይ ሲኤንሲ ፍሬዛ ልገዛ ነው ላልከው ልጅ

ወንድሜ፣ ደሴ ላይ ሁለት ቶርኖ (ብረቱን እያሽከረከረ የሚቀርጽ) እና አንድ አሮጌ በእጅ የሚሠራ ፍሬዛ (መቁረጫው እየተሽከረከረ ብረት የሚቆርጥ) አለኝ ብለሃል። የወፍጮ ቤት ዘንግ፣ ፑሌጃና ጥርስ ትሠራለህ። አሁን ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ፍሬዛ ልትገዛ ነው፤ ከአሜሪካኖቹ ቶርማክና ሃስ ሚኒ ሚል፣ ከቻይናው ኤክስኬ 7125 የቱ ይሻለኛል ነው ጥያቄህ። እኔ ኮምቦልቻ ላይ በቻይና ማሽን ነው የምሠራው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለተኛ እጅ ገዝቼ በደንብ ተቃጥያለሁ። ከዚያ ልጀምር።

ማሽኑ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ሻጩ ስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያሽከረክረውን ዘንግ) አሽከረከረልኝ፣ ጠረጴዛውን ወዲህ ወዲያ አስኬደልኝ፣ ድምፁም ጥሩ ነበር። ከፈልኩ። ሥራ ስጀምር የምቆርጠው ቀዳዳ ሁሉ እንቁላል ሆነ። ዳያል ጌጅ (በጣም ትንሽ እንቅስቃሴ የሚለካ ሰዓት መሳይ መለኪያ) አስሬ ጠረጴዛውን በትንሹ ገፋሁት፣ መለስኩት። ጫፍ ላይ 0.02 ሚሊ ነው የሚላወሰው። መሀል ላይ 0.13! ቦል ስክሩ (ጠረጴዛውን የሚገፋው ጥርሳም ዘንግ) ሁሌ የሚሠራው መሀሉ ስለሆነ እዚያው አልቋል። ኮንትሮለሩ (የማሽኑ ኮምፒዩተር) ላይ ይህን መላወስ፣ ባክላሽ የሚሉትን፣ ማካካሻ አለ፣ ግን ለሙሉ ስክሩ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የሚቀበለው። መሀሉን ሳስተካክል ጫፉ ይበላሻል። ስለዚህ ሁለተኛ እጅ ልታይ ስትሄድ ዳያል ጌጅህን ኪስህ ውስጥ ያዝ። ሻጩ ካኮረፈ መልሱን አግኝተሃል።

አሁን ወደ ሦስቱ። ቶርማክ ጥሩ ማሽን ነው። 1100ኤምኤክስ በሲንግል ፌዝ ይሠራል፣ ስፒንድሉ 10,000 ዙር ይደርሳል። ፓዝፓይለት የሚባለው ኮንትሮሉ ሊኑክስሲኤንሲ ላይ የተሠራ ስለሆነ ለመልመድ ቀላል ነው። ግን ክብደቱ ቀላል የሆነ ማሽን ነው። አሉሚኒየም ላይ ይበራል፣ የአንተ ሥራ ግን ብረት ነው። መለዋወጫውም ከአሜሪካ ዊስኮንሲን ነው የሚመጣው። ሃስ ሚኒ ሚል ከሦስቱ የጠነከረው ነው። 406 በ305 በ254 ሚሊ ይሄዳል፣ 40 ቴፐር ስፒንድል አለው (ቁጥሩ መቁረጫው የሚገባበት ሾጣጣ ቀዳዳ መጠን ነው፣ ሲተልቅ ይጠነክራል)። ገንዘቡ ካለህ እሱን ውሰድና ይህን ማንበብ አቁም። ከሐምሌ 2016 በኋላ ዶላሩ የት እንደደረሰ ስለምታውቅ ዋጋ አልጽፍልህም፣ ነገ ይቀየራል።

ለአንተ የምለው ኤክስኬ 7125 ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 25 የጠረጴዛው ስፋት 250 ሚሊ ነው ማለት ነው። የብረቱ ጥራት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ኮንትሮለሩን ጠይቅ። ጂኤስኬ ወይም ሲመንስ 808ዲ ከሆነ የሚያውቀው ሰው ታገኛለህ። በማክ 3 (ተራ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም) የሚሠራ ኮምፒዩተር ለጥፈው ከላኩልህ እለፈው። ስፒንድሉ ቢቲ 30 ከሆነ ብረት ላይ ቀስ ብለህ ትቆርጣለህ። ቢቲ 40 ካገኘህ ትንሽ ጨምረህም ቢሆን እሱን ያዝ።

ካታሎግ የማይነግርህ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ከፍታ ነው። ሞተርና ድራይቭ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት። ብርዱ ያቀዘቅዘዋል ብለህ እንዳትሸወድ፣ አየሩ ሲሳሳ ሙቀት አይሸከምም። ከ1,000 በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከጉልበቱ አንድ ፐርሰንት ያህል ቀንስ ይላሉ፣ ደሴ ላይ ወደ 15 ፐርሰንት ይመጣል። ከሚያስፈልግህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሞተር እዘዝ።

ሁለተኛው መብራት ነው። አንድ ቀን የዘንግ ኪዌይ (ቁልፍ የሚገባበት ቦይ) እየቆረጥኩ መብራት ሄደ። ያኛው ማሽን ዜዱ (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው) ላይ ብሬክ አልነበረውም። የማሽኑ ራስ በክብደቱ ቀስ እያለ ወረደ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። 12 ሚሊው የካርባይድ መቁረጫ ዘንጉ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። መብራት ሲመለስ ደግሞ ማሽኑ የት እንዳለ አያውቅም፣ ሁሉንም ከዜሮ። ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቀው፦ ዜድ ሰርቮው (የሚያንቀሳቅሰው ሞተር) ብሬክ አለው? ኢንኮደሩ (ቦታውን የሚያነበው) አብሶሉት ነው፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ቦታውን አይረሳም? የማያውቅ ከሆነ የሞተሩን ሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፣ ከዚያ ይታወቃል።

ሳትቆጣ ስማኝ ግን። የወፍጮ ዘንግ ላይ አንድ ኪዌይ ለመቁረጥ ሲኤንሲ አያስፈልግህም። ፕሮግራሙን ጽፈህ እስክትጨርስ አሮጌው ፍሬዛህ ቆርጦ ጨርሷል። ለጥርሱም ዲቫይዲንግ ሄድ (ዕቃውን እኩል እየከፈለ የሚያዞር) አለ። ሲኤንሲ ገንዘብ የሚያወጣው አንድ ዓይነት ዕቃ ሲደጋገም ነው። እኔ የተነፈስኩት 200 አንድ ዓይነት ፕሌት ሲታዘዝልኝ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ቀን ሸራ ለብሶ ነው የዋለው። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ገና ካልያዝክ ፍሬዛህ ላይ ዲጂታል ንባብ (የጠረጴዛውን ቦታ በቁጥር የሚያሳይ) ግጠምና ዓመት ቆይ።

ይዣለሁ ካልክ አብሽር፣ ግዛ። ብርህን ግን ሁሉንም ማሽኑ ላይ አትጨርስ፤ ዕቃ የሚያስረው ሞርሳ፣ መቁረጫ የሚይዘው ኮሌትና መቁረጫው ኤንድሚል ይበላሃል፣ ሩቡን ለእነሱ አስቀር። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደውልልኝ፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ከመውጣቱ በፊት እስሩን አብረን እናየዋለን። ለመጓጓዣ ጠረጴዛውንና የማሽኑን ራስ የሚይዙ ቀለም የተቀቡ ብረቶች አሉት። ደሴ አስቀምጠህ፣ በውሃ ልክ አስተካክለህ፣ እነሱን ሳትፈታ እንዳታስነሳው። እኔ አስነስቼ አይቼዋለሁ።