መልስ፦ ሠራተኞች ኃላፊውን አልፈው ለባለቤቱ ሲደውሉ

በመጀመሪያ ባለቤቱን ያነጋግሩ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው መጋዘን ኃላፊ ከሆኑ በኋላ፣ ከቀትር ዕረፍት ዘግይቶ የሚመለሰውን ሠራተኛ በተናገሩት ቁጥር ለባለቤቱ ደውሎ ፈቃድ የሚያገኝ ከሆነ፣ ችግሩ እርስዎ የጠረጠሩት መለሳለስዎ አይደለም፤ ሥልጣኑ ገና በእጅዎ አልገባም።

ፈቃድ የመስጠት፣ ፈረቃ የመመደብና የማስጠንቀቅ ሥልጣን የእርስዎ መሆኑን ባለቤቱ በደብዳቤ እንዲያረጋግጥና ሠራተኞቹ በተሰበሰቡበት ራሱ እንዲናገር ይጠይቁት። ከዚያ በኋላ ሲደወልለት «ኃላፊህን ጠይቅ» ብሎ ስልኩን መዝጋት አለበት፤ አለዚያ ደብዳቤው ዋጋ የለውም።

የመመለሻ ሰዓቱን ግን ከሠራተኞቹ ጋር ተመካክረው ይወስኑ። በድሬዳዋ የግንቦት ሙቀት ጆንያ የሚያወርድን ሰው በስምንት ሰዓት ግባ ማለት ብዙም አያዋጣም፤ ጠዋት ቀደም ብሎ መጀመር ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ በዕድሜ የሚበልጡዎትን በሰው ፊት አይገሥጹ። በሠራሁባቸው መደብሮች እንዳየሁት፣ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ያነሳው ቅሬታ በማግስቱ የሁሉም ቅሬታ ይሆናል። ለብቻ ጠርተው ይንገሯቸው፤ ጥፋቱ ከተደጋገመ ግን በጽሑፍ ያስጠንቅቁ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን በማርፈድ ለማሰናበት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃልና።