ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዱት

ይድረስ ለእናንተ፣ የአውሮፓ ወረቀታችሁን እየጠበቃችሁ ላላችሁ ልጆቻችን፤

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ ጀርመን አገር የነርስነት ሥልጠና ውል እንደደረሳት ነገረችኝ። ምርቃቴን ሳልጨርስ፣ «ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ብቻ እኮ ነው። ተምሬ፣ ትንሽ ይዤ እመለሳለሁ» አለችኝ። ደስታዋን ማደፍረስ ስላልፈለግሁ ዝም አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያ «ሦስት ዓመት ብቻ» እንቅልፍ ነሳኝ። በሥራ ዘመኔ ከቱርኩም፣ ከጣልያኑም፣ ከሞሮኮውም፣ ከእኛም ሰው አፍ ስሰማው የኖርኩት ቃል ነውና።

እኔ እዚህ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ደርግ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ከላካቸው ወጣቶች አንዱ ነበርኩ፤ ቋንቋውን የተማርኩት ላይፕዚግ፣ ሄርደር ኢንስቲትዩት ነው። የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ወደ ፍራንክፈርት ተሻገርኩ። ሰሃን አጠብሁ፣ እንደገና ተማርኩ፣ ከዚያም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለውጭ አገር ሠራተኞች ምክር በሚሰጥ አንድ ቢሮ ሠራሁ። ሥራው ግርማ ሞገስ የለውም፤ ፎርም ማስሞላት ነው። ነገር ግን የሰው ዕድሜ በፎርም ላይ ሲሰፍር ብዙ ጉድ ይታያል።

ምዕራብ ጀርመን ከጦርነቱ ፍርስራሽ ተነሥታ ፋብሪካዎቿ ሰው ሲያጥራቸው በ1955 ከጣልያን ጋር የሠራተኛ ስምምነት ተፈራረመች። በ1960 ስፔንና ግሪክ፣ በ1961 ቱርክ፣ ከዚያም ሞሮኮ፣ ፖርቱጋል፣ ቱኒዚያ፣ ዩጎዝላቪያ ተከተሉ። ግንቡ የተገነባው በዚያው በ1961 ነው፤ ከምሥራቅ ይጎርፍ የነበረው የሰው ኃይል በአንድ ሌሊት ሲደርቅ የቱርኮቹ እጅ ይበልጥ ተፈለገ። ኢስታንቡል ላይ በነበረው የጀርመን ቢሮ ወንዶቹ በቡድን ልብሳቸውን አውልቀው፣ ጥርሳቸው ሳይቀር ታይቶ ይመረጡ ነበር። ከዚያ የቀናት የባቡር ጉዞ ነው። ሙኒክ፣ መስመር 11 ላይ ሲወርዱ በቀጥታ ከሥሩ ወዳለው የጦርነት ዘመን መጠለያ ይገባሉ፤ እዚያ በልተው፣ ተቆጥረው፣ ለየፋብሪካው ይከፋፈላሉ።

ስማቸውን «ጋስታርባይተር» አሉት፤ እንግዳ ሠራተኛ ማለት ነው። የእኛ ሰው እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ይላል። ጀርመኖቹ ተረቱን አያውቁትም እንጂ አካሄዳቸው ከእርሱ አልራቀም።

ወርቅ የነበሩበትን ቀን ላሳያችሁ። መስከረም 10 ቀን 1964 ኮሎኝ ዶይትስ ባቡር ጣቢያ አርማንዶ ሮድሪገስ የተባለ ፖርቱጋላዊ አናጺ ስሙ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ሰውየው ደነገጠ፤ ሊመልሱኝ ነው ብሎ ሰጋ ይባላል። ለካስ አንድ ሚሊዮንኛው እንግዳ ሠራተኛ ሆኖ ተመርጧል። አበባና አዲስ ሞተር ብስክሌት ተሰጠው፣ የማርሽ ባንድ ተጫወተለት፣ ጋዜጠኞች ፎቶ አነሡት። ያ ፎቶ ዛሬ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ሞተሯም ቦን በሚገኘው የታሪክ ሙዚየም ውስጥ ትታያለች። የማይተረከው ቀሪው ነው። አርማንዶ ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ካንሰር ነበር። ያጠራቀመውን ገንዘብ ሁሉ ለሕክምና ጨረሰ፣ በ1979 ሞተ። ከጀርመን የጤና መድን ሊከፈለው የሚገባ ገንዘብ እንደነበረ አያውቅም ነበር። በባንድ የተቀበለችው አገር ይህችን አንዲት ነገር የሚነግረው ሰው አላቆመችለትም። በቢሮዬ ግድግዳ ላይ ፎቶውን ሰቅዬው ነበር፤ ሰው ለጌጥ ይመስለው ነበር።

በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ጀርመን በሩን ዘጋች። ያን ጊዜ የሆነውን ብዙ ሰው አይጠብቀውም። እስከዚያ ድረስ ሠራተኛው ይመጣ፣ ይሄድ፣ ደግሞም ይመለስ ነበር፤ እስከ 1973 ከመጡት 14 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች 11 ሚሊዮኑ ያህል ተመልሰዋል። በሩ ሲዘጋ ግን «ከወጣሁ መግቢያ የለኝም» ያለው ሁሉ ባለበት ረግቶ ሚስትና ልጆቹን አስመጣ። እንዲሄዱ የታሰበው ውሳኔ አስቀራቸው። መንግሥት ግን «የስደተኞች አገር አይደለንም» ማለቱን ቀጠለ። በባቫሪያ የቱርኮቹን ልጆች ለብቻቸው ሰብስቦ በቱርክኛ ያስተምር ነበር፤ ነገ ይመለሳሉና ጀርመንኛው ምን ያደርግላቸዋል? በሕግ የቆመ አገር አቀፍ የቋንቋ ኮርስ የመጣው በ2005 ነው። ከመጀመሪያው ስምምነት ሃምሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

መንግሥቱን ብቻ ብወቅስ ግን ዋሸሁ። እንግዶቹም ያንኑ ቃል ያምኑ ነበር። አንድ ጊዜ ለሥራ ጉዳይ የአንድ ቱርካዊ ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። ብረት ሲያቀልጥ 31 ዓመት ኖሯል። ጀርመንኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ የልጅ ልጁ ናት የምታስተረጉምልኝ። ቁም ሣጥኑ ላይ በገመድ የታሰረ ትልቅ ሻንጣ አየሁና ጉዞ አለ ወይ አልኳት። ሳቀች። ሻንጣው እርሷ ሳትወለድም እዚያው እንደነበር ነገረችኝ። ሽማግሌው አውርዶ ከፈተው፤ ከላስቲኩ ያልወጣ አንሶላ፣ ባለ ስድስት የቡና ስኒ፣ የበር እጀታዎች። ቱርክ አገር፣ አናቶሊያ ውስጥ ለሦስት ልጆቹ ሦስት ፎቅ ቤት ሠርቷል፤ በዓመት አንድ ወር ምድር ቤቱ ብቻ ይከፈታል። ፍራንክፈርት ያለው ቤቱ ግን መጋረጃው እንኳ ከቀድሞው ተከራይ የቀረ ነበር። ለጊዜው ስለሆነ።

በ1983 ደግሞ መንግሥት «ከሄዳችሁ 10,500 ማርክ እሰጣለሁ፣ ለልጅ 1,500 እጨምራለሁ፣ የከፈላችሁትንም የጡረታ መዋጮ ወዲያው እመልሳለሁ» አለ። የሚመለሰው ሠራተኛው ራሱ ያዋጣው ብቻ ነው፤ የአሠሪው ድርሻ ይቀራል፣ የተሠራበትም ዘመን ከመዝገብ ይፋቃል። ያን ጊዜ ተመልሶ የነበረ አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ ቢሮዬ ገባ፤ ዕድሜው ስለደረሰ ጡረታውን ሊጠይቅ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም የለም። ያንን ለመንገር ስንት ጊዜ ጉሮሮዬን እንደጠረግሁ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ያዙልኝ፦ እዚህ አገር 60 ወር የጡረታ መዋጮ የከፈለ ሰው በዕድሜው ጡረታ ያገኛል፤ አዲስ አበባ ቢኖርም። መዋጮዬን መልሱልኝ የሚል ወረቀት ላይ በችኮላ አትፈርሙ።

ምሥራቁም ከዚህ አይሻልም ነበር። እኛ የተማሪ ማደሪያ ስንኖር፣ ቬትናሞችና ሞዛምቢኮች በኮንትራት ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ለአንድ ሰው አምስት ካሬ ሜትር፤ ያረገዘች ሴት ወይ ታስወርዳለች ወይ ትባረራለች። ሞዛምቢኮቹ «አገራችሁ ስትገቡ ትቀበሉታላችሁ» ተብለው ከደመወዛቸው ይቆረጥ የነበረውን ገንዘብ አብዛኛውን ሳያገኙት ቀሩ፤ በዋና ከተማቸው ማፑቶ ለአሥርት ዓመታት ሰልፍ ወጥተውበታል። በነሐሴ 1992 ሮስቶክ ውስጥ የቬትናሞቹ ማደሪያ ሲቃጠልና ሕዝቡ ሲያጨበጭብ በቴሌቪዥን አየሁ። ከመቶ በላይ ሰዎች በጣሪያ አምልጠው ተረፉ። የላይፕዚግ ጎረቤቶቼን ፊት በዚያ ጭስ ውስጥ ስፈልግ አመሸሁ። በዓመቱ ዞሊንገን ላይ አምስት ቱርካውያን ሴቶችና ሕፃናት በቤታቸው ተቃጠሉ። ስለ ፋብሪካውና ስለ ደመወዙ ብቻ እያወራሁ ይህን ብዘል አይሆንም።

የእኔን ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ሰውን የመከርኩትን ያህል ራሴን አልመከርኩም። እኔም ሻንጣ ነበረኝ፤ መርካቶ አካባቢ ወርክሾፕ ልከፍት የገዛሁት የመሰርሰሪያ ዕቃ። ደርግ ሲወድቅ እገባለሁ አልኩ፤ ወደቀ። ትንሽ ይረጋጋ አልኩ። ከዚያ ልጅ ስታድግ አልኩ። ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ከትምህርት ቤት የዋና ክለብ መመዝገቢያ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ የምንሄደው መቼ ነው? ልመዝገብ ወይስ ይቅር?» አለችኝ። ያቺ ልጅ የተወለደችው እዚሁ ነው። የእኔን ሻንጣ በሰውነቷ ተሸክማ ትኖር እንደነበር ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ አስመዘገብኳት።

መመለስ አይቻልም አላልኩም፤ ተመልሰው ጥሩ ሥራ የሠሩ ጓደኞች አሉኝ። የምለው፣ የመጣችሁ ዕለት እንደሚቀር ሰው ኑሩ ነው። ቋንቋውን ለፈተና ሳይሆን ከሐኪም ጋር ለመከራከር የሚበቃ አድርጋችሁ ተማሩት። የፈረማችሁትን ውል ቅጂ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን አንድም ሳትጥሉ አስቀምጡ። ጀርመን ከ2024 ወዲህ በአምስት ዓመት ዜግነት ትሰጣለች፣ የቀድሞውንም መያዝ ትፈቅዳለች። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ሁለት ዜግነት አይፈቅድምና ያ ቀን ሲመጣ የምትለቁትን አውቃችሁ ወስኑ። እድር ግቡ፤ የእኛም የቱርኮቹም ሰዎች ለሬሳ መላኪያ ያዋጣሉ፣ ጥሩ ነው። ለቀብራችሁ እያዋጣችሁ ለመጋረጃ መሰሰት ግን አይገባኝም።

ለእህቴ ልጅ ይህን ደብዳቤ ቀድሜ ልኬላታለሁ። መልሷ አጭር ነበር፦ «እሺ ጋሼ፤ ታዲያ ሻንጣውን የት ላድርገው?» እዚህ አገር ብዙው የኪራይ ቤት ከሥሩ ምድር ቤት ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ አለው። የእኔም አሁን እዚያ ነው፤ የክረምት ጎማዎች ተደርድረውበታል።