ትንበያው ለስላሳ ዊንተር ይላል፤ ሸለቆው ግን አልሰማም

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መጪው ዊንተር ናቸው። ጠያቂዎቹ ደግሞ ዙሪያቸውን በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። የዛሬውን ዓምድ ለነሱ ለቅቄላቸዋለሁ። ብርድ የማያውቃችሁ ታገሱን።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ወቅታዊ ትንበያው መጪው ዊንተር ከወትሮው ሞቅ ያለ ይሆናል ይላል። አምናም እንዲሁ ብሎን ነበር። ከዚያ ጥር ላይ የግቢያችን ቧንቧ በረዶ ሠርቶ ፈነዳ። ዘንድሮስ ልመን ወይስ ጆሮ ዳባ ልበስ ልበል?»
— ትንበያ ያልጣመው

መልስ፦ አንተ ልጅ፣ ትንበያው አልዋሸህም። የነገረህ ግን ስላንተ ግቢ አይደለም።

ወቅታዊ ትንበያ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ወር ባንድ ላይ ነው። የሚያወራውም ስለ ሰፊ አካባቢ ነው። ባለሙያዎቹ ያለፉትን ዊንተሮች ከቀዝቃዛው እስከ ሞቃቱ ይደረድሩና ለሦስት እኩል ቦታ ይከፍሏቸዋል። ቀዝቃዛ፣ መደበኛ፣ ሞቃት። ምንም ፍንጭ ከሌለ የእያንዳንዱ ዕድል 33 በመቶ ነው። ፍንጭ ሲገኝ የአንዱ ዕድል ከፍ ይላል። ለምሳሌ የሞቃቱ ዕድል 45 በመቶ ደረሰ እንበል። በማግስቱ ዜናው «ዊንተሩ ሞቃት ይሆናል» ብሎ ይወጣል። ሞቃት ያለመሆኑ ዕድል ግን ገና 55 በመቶ ነው! እንዲህ ብሎ ርዕስ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ግን የት ይገኛል?

በነገራችን ላይ «መደበኛ» የሚሉትም የ30 ዓመት አማካይ ነው። አሁን የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። አያትህ «የኛ ጊዜ ብርድ» ብለው የሚያወሩት እዚያ ውስጥ የለም።

ፍንጩ የሚመጣው በዋናነት ከፓስፊክ ውቅያኖስ ነው። በምድር ወገብ በኩል ያለው የባሕሩ ወለል ከአማካዩ በግማሽ ዲግሪ ያህል ሞቆ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኞ ይባላል። በዚያው ልክ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ላኒና። ግማሽ ዲግሪ ለጆሮ ትንሽ ነው። ነገር ግን ወጀቡ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሩቅ አገር ድረስ ያስቀይራል። ይህ ሁሉ ግን የዝንባሌ ወሬ ነው። የፊታችን ጥር ማክሰኞ ሌሊት ቧንቧህ ምን እንደሚገጥመው ከዚያ አታገኝም። ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለው የአየር ጠባይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳየው፣ መነሻው ላይ ያለች ኢምንት ልዩነት እያደር ስሌቱን ሁሉ ታዛባዋለች። ዛሬም ቢሆን ቀን ለይቶ የሚናገር ትንበያ ከሁለት ሳምንት ወዲያ እምነት አይጣልበትም።

አሁን ወደ ቧንቧህ እንምጣ። ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ዊንተሩን ለአካባቢው ሁሉ ለስላሳ ያደረገው አየር ራሱ ሸለቆውን ሊያቀዘቅዘው ይችላል። ከፍተኛ የአየር ግፊት ለቀናት ሲሰፍር ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱም ያርፋል። ተራራው ላይ ቀኑ የሚያምር ነው፤ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ይሄዳል። ታች ግን ሌሊቱ ረጅም ነው። መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ጠራው ሰማይ ይለቀዋል። መሬቱን የነካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ተዳፋቱን ይዞ ይወርድና ሸለቆው ወለል ላይ ይተኛል። መውጫው ጠባብ ከሆነማ በቃ፣ እዚያው ይጠራቀማል።

ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ላሳይህ። አሜሪካ ውስጥ ዩታ ግዛት ፒተር ሲንክስ የሚባል፣ ተራራ ላይ ያለ ጎድጓዳ ስፍራ አለ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1985 ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ተለክቶበታል። የሚገርመው ዛፉ ነው። ሌላ ቦታ ዛፍ የሚያልቀው ሽቅብ ሲወጣ ነው። እዚያ ግን ዳገቱ ላይ ዛፍ አለ፣ የጎድጓዳው ወለል ባዶ ነው። ችግኙን ብርዱ አያሳድገውም።

ስለዚህ ወቅታዊውን ትንበያ ለማገዶና ለማሞቂያ በጀት ተጠቀምበት፤ ለዚያ ይሆናል። ለቧንቧህ ግን የሚጠቅምህ የአራት የአምስት ቀኑ ትንበያ ነው። እሱንም ስታይ ዲግሪውን ብቻ አትመልከት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ወይ? ነፋሱ ፀጥ ይላል ወይ? መሬቱ ላይ አዲስ በረዶ አለ ወይ? ሦስቱ ሲገጥሙ ተጠንቀቅ። አዲስ በረዶ የፀሐይን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይልከዋል። ሌሊት ደግሞ ከሥሩ ያለው የመሬት ሙቀት ወደ ላይ እንዳይወጣ ይጋርደዋል። በረዶ የለበሰ ሸለቆ ጥርት ባለ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው።

ስልክህ የሚያሳይህን ቁጥርም በጥርጣሬ ያዘው። የትንበያ ስሌት መሬቱን በካሬ በካሬ ይከፋፍለዋል። በዓለም ደረጃ ስመ ጥር በሆነው በአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል እንኳ የአንዱ ካሬ ጎን ወደ 9 ኪሎ ሜትር ነው። የናንተ ሸለቆ ስፋቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ስሌቱ ሸለቆውንና ግራ ቀኙን ተራራ ባንድ ላይ ጠፍጥፎ ነው የሚያየው። ሸለቆ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። አንዳንዱ የስልክ መተግበሪያ ማስተካከያ ይጨምርበታል፤ ቢሆንም እንደ ግቢህ ቴርሞሜትር አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። የትንበያው ዲግሪ የሚለካው ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ጥላ ውስጥ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ላይ ከዚያ በብዙ ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። «2 ዲግሪ» ተብሎ ጧት የመኪናህ መስታወት ውርጭ ለብሶ የምታገኘው ለዚህ ነው። ወደ ውጭ የሚወጣውን ቧንቧ ከቤት ውስጥ ዝጋው። ከዚያ የውጩን ክፈትና ውስጡ የቀረው ውሃ እስኪንጠፈጠፍ ተወው። ክፍቱን ይክረም። የሚፈነዳው ውሃ ያለበት ቧንቧ ነው፤ ባዶውን ብርዱ ምንም አያደርገው።

ጥያቄ፦ «የባለቤቴ ወንድም ከኛ 300 ሜትር ያህል ሽቅብ ላይ ቤት ሠራ። በየጧቱ እየደወለ ‹እኛ ጋ ይሞቃል› ይለኛል። ሽቅብ ሲወጡ ይቀዘቅዛል ተብለን አይደል እንዴ የተማርነው? ሰውየው ያሾፍብኛል?»
— የታች ሠፈር ነዋሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ማሾፉ ማሾፍ ነው፤ ግን እውነቱን ነው። የተማርሽውም ልክ ነው። በአማካይ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ነፋስ ባለበት ቀን እሱ ጋ ከናንተ በ2 ዲግሪ ገደማ መቀዝቀዝ አለበት። ከላይ የነገርኳችሁ ዓይነት ፀጥ ያለ ሌሊት ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛው አየር እናንተ ጋ ወርዶ ሲተኛ፣ ሞቅ ያለው ከላዩ ይቀመጣል። ከሸለቆው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ዳገቱ ወገብ ላይ ያለው ቦታ ሌሊቱን ከሁሉም ይሞቃል። የፍራፍሬ ገበሬዎች ውርጭ የሚፈራ ዛፍ እዚያ መትከልን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ሰውየው መሬቱን ሲመርጥ ይህን አውቆ ከሆነ ብልጥ ነው። ሳያውቅ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሞቃት አየር ክዳን ነው። የማገዶው ጭስ፣ የመኪናው ጭስ፣ ጉሙ፣ ሁሉም ከሥሩ ይታፈናል። በሌላው ወቅት ረፋዱ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ክዳኑ ይፈርሳል። በዊንተር ግን ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል፣ ተራራውም ስለሚጋርዳት፣ አቅም አይኖራትም። አሜሪካ ውስጥ ያለችው ሶልት ሌክ ሲቲ በዚህ የታወቀች ከተማ ናት። ክዳኑ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ሳይነሳ ይቆያል፤ የሚገላግለው ጠንከር ያለ ነፋስ ይዞ የሚመጣ አዲስ ወጀብ ነው። ቤታችሁ ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ፣ በእንዲህ ዓይነት ጧት ደጅ ወጥቶ እንዳይሮጥ። ማገዶም ማንደዳችሁ ካልቀረ ደረቁን አንድዱ፤ እርጥቡ ጭሱ ብዙ ነው። ከባሰ ደግሞ ከነሻንጣሽ ወደ ባለቤትሽ ወንድም ቤት ውጪ። ይሞቃል ብሏል አይደል?

ጥያቄ፦ «ስልኬ በረዶ ይጥላል ሲል ዝናብ ይዘንባል። ዝናብ ሲል ደግሞ በረዶ ነጭ አድርጎት አድራለሁ። ምን ጉድ ነው?»
— መንገድ የሚጠርግ

መልስ፦ ወዳጄ፣ የእርስዎ ሥራ በአንድ ዲግሪ ላይ ነው የቆመው። በዊንተር ከደመናው የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በረዶ ነው። ሲወርድ ዜሮ ዲግሪ ያለበትን ከፍታ አልፎ መቅለጥ ይጀምራል። ከዚያም በታች 200 ወይም 300 ሜትር ያህል በረዶ እንደሆነ ሊወርድ ይችላል። ከተማችሁ እዚህ ወሰን ላይ ከሆነች ገምቶ መናገር ለማንም ይከብዳል።

ጠባብ ሸለቆ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በረዶ ሲቀልጥ ሙቀት የሚወስደው ከአካባቢው አየር ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ሌላ አየር መጥቶ ይተካዋል። ሸለቆ ውስጥ ያለው አየር ጥቂት ነው፤ መተኪያም የለውም። ስለዚህ ዝናቡ ጠንክሮ ለሰዓታት ከቀጠለ አየሩ ራሱን እያቀዘቀዘ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ማታ በዝናብ የጀመረው ሌሊት በረዶ ሆኖ ያድራል። እኔ ብሆን ትንበያው 2 ዲግሪና ከባድ ዝናብ ሲል፣ ነፋስም ከሌለ፣ አካፋዬን በር አጠገብ አቁሜ እተኛለሁ። ቀለል ያለ ካፊያ ከሆነ ግን አያስቡ።

ጥያቄ፦ «የሽኮኮዎቹ ፀጉር ዘንድሮ ወፍራም ነው። ከባድ ዊንተር ይመጣል ማለት ነው?»

መልስ፦ አይደለም። ፀጉሩ የሚወፍረው ቀኑ ሲያጥርና እንስሳው በደንብ ሲበላ ነው። የነገረህ ስላለፈው ወቅት ነው።

ጥያቄ፦ «አምና በዊንተሩ መሃል ድንገት ከተራራው ሞቃት ነፋስ ወረደ። በግማሽ ቀን በረዶው ጠፋ። ብርዱ አበቃ ብዬ የመኪናዬን የበረዶ ጎማ ልቀይር ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ይደጋገማል?»
— የታክሲ ሹፌር

መልስ፦ አዎ፣ ተራራ ባለበት የተለመደ ነው። በአልፕስ ፎን፣ በሰሜን አሜሪካ ሮኪ ተራሮች ቺኑክ ይሉታል። እርጥብ አየር በተራራው ወዲያኛ ጎን ሲወጣ ዝናቡን ወይም በረዶውን እዚያው ያራግፋል። ሲያራግፍ የሚለቀቀው ሙቀት አየሩ ውስጥ ይቀራል። ደርቆ ወደናንተ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ግፊቱ ስለሚጨምር በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል እየሞቀ ይመጣል። አንዳንዴማ ጉድ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ግዛት ውስጥ ስፒርፊሽ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1943 ጧት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 የነበረው 7 ዲግሪ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ ሲያርፍ በግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወደነበረበት ተመለሰ።

አንተን የሚመለከትህ ይህ መመለሱ ነው። ነፋሱ ያቀለጠው ውሃ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ማታ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲያርፍ ያ ውሃ የማይታይ በረዶ ይሆናል። ጥቁር አስፋልት እርጥብ ብቻ መስሎህ ትገባበታለህ። በተለይ ድልድይ ላይ፣ ከላይም ከታችም ብርድ ስለሚያገኘው። ቀን ሙሉ ተራራው ጥላውን የሚጥልበት መታጠፊያም ላይ እንዲሁ። ጎማህን አትቀይር። ሞቃቱ ነፋስ በቆመበት ማታና በማግስቱ ጧት ደግሞ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ፍሬንም ድንገት አትርገጥ።