ከኤሊየን ዳይሬክተሮች ማን ይበልጣል?
በጠፈር ላይ ሰው የሚገድል ጭራቅ ከሚያሳዩት ከኤሊየን ፊልሞች ዳይሬክተሮች ማን እንደሚበልጥ ጠይቀሃል። ለእኔ ሪድሊ ስኮት ነው፤ ያውም በሰፊ ልዩነት። እ.ኤ.አ. በ1979 በሠራው የመጀመሪያው ፊልም ጭራቁ በደንብ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ፍርሃቱን የሚፈጥረው ካሜራው ነው። ባዶውን ኮሪደር ቀስ ብሎ ያሳየሃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። የጠፈር መርከቧ ሰዎችም ጀግኖች አይደሉም። ስለ ክፍያቸው የሚነታረኩ ተራ ሠራተኞች ናቸው፤ ለዚህ ነው ሞታቸው የሚያመው።

ጄምስ ካሜሮን በ1986 ሁለተኛውን ክፍል ሲሠራ ስኮትን ለመቅዳት አልሞከረም። ጭራቁን አበዛው፣ ወታደር ጨመረበት፣ ፊልሙን የጦርነት ፊልም አደረገው። ግን ልቡ ያለው ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሪፕሊ ከትንሿ ልጅ ከኒውት ጋር ባላት ግንኙነት ላይ ነው። ሲጎርኒ ዊቨር በሪፕሊ ሚና ለኦስካር መታጨቷ ሲያንሳት ነው!

አራተኛውን ክፍል የሠራው ዣን ፒየር ዠኔ ብዙም አልገባኝም። የ2024ቱን ፊልም የሠራው ፌዴ አልቫሬዝ ጎበዝ ነው፣ ግን የቀደሙትን አብዝቶ ያስታውሳል።

ዴቪድ ፊንቸር ላይ ግን አትፍረድበት። የ1992ቱ ሦስተኛው ክፍል የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር። ስክሪፕቱ ሳያልቅ ቀረጻ ተጀመረ፣ ስቱዲዮውም እጁን አስገባበት። በ2003 የወጣውን ረዘም ያለ ቅጂ ፈልገህ እየው፤ ታሪኩ እዚያ ላይ በደንብ ይተነፍሳል።