የሚሲሲፒ ግድቦች የሚይዙት ጥልቀት ነው፤ በሎክ ስለማለፍ ለጠየቅከው

ሰላም ወንድሜ። ከሚኒያፖሊስ እስከ ሴንት ሉዊስ ይህን ያህል ግድብ ለምን እንደተሠራ፣ ለጎርፍ ይሁን ለመብራት፣ ከዚያም በገዛሃት ትንሽ ጀልባ ልጆችህን ይዘህ በሄስቲንግስ (ሚኒሶታ) ሎክ፣ ማለት ጀልባ ግድቡን በሚያልፍበት የውሃ ክፍል፣ ማለፍ ትችል እንደሆነና ክፍያ ይኖረው እንደሆነ ጠይቀሃል። ማለፍ ትችላለህ፣ ክፍያም የለውም። ብዙ ዓመት በዚህ ወንዝ ዓሣ ሳጠምድ ያየሁት ግን አደጋው ያለው ግድቡ አጠገብ እንጂ ሎኩ ውስጥ እንዳልሆነ ነው። ስለዚህ ከግድቡ ልጀምር።

እኛ ግድብ ሲባል ቶሎ የሚመጣብን ዓባይ ላይ እንደተሠራው ያለ ነው፤ ውሃ አጠራቅሞ ተርባይን የሚያዞር። የላይኛው ሚሲሲፒ ግድቦች ውሃ ለማጠራቀም አልተሠሩም። ሥራቸው ወንዙ ዝቅ በሚልበት ወቅት እንኳ የመርከብ መንገዱ ከ9 ጫማ (2.7 ሜትር ገደማ) በታች እንዳይሆን ማድረግ ነው። ጎርፍ ሲመጣ በሮቹ ከውሃው በላይ ተነስተው ወንዙ እንደ ልቡ ይሄዳል። በ1965ም በ1993ም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚያ ሁሉ ጎርፍ ፊት ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አልነበረም። መብራት የሚያመነጩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ በአዮዋ ያለው ትልቁ የኪዮከክ ግድብ ከ1913 ጀምሮ ያመነጫል፣ ሄስቲንግስም አነስተኛ ጣቢያ አለው።

ለምን 9 ጫማ? ቨርጂኒያ የተባለችው የእንፋሎት መርከብ በ1823 በዛሬው ሚኒያፖሊስ አጠገብ እስካለው ፎርት ስኔሊንግ ድረስ ስትመጣ ወንዙ ገና የተፈጥሮው ነበር። ውሃ ሲጎድል የአሸዋ ደለል መርከብ ያስቀራል፣ የወደቀ ግንድ ሆዷን ይቀድዳል፤ ሮክ አይላንድና ኪዮከክ አካባቢ ደግሞ በድንጋይ ላይ የሚሮጥ ፈጣን ውሃ ነበረ። በኋላ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡብ ጦር አዛዥ የሆነው ሮበርት ሊ ወጣት የጦር መሐንዲስ ሳለ በ1837 እነዚያን ቦታዎች አጥንቷል። የእኛን ባሮ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይደለም፤ በ1907 የንግድ ጣቢያ የተከፈተበት የጋምቤላ ወደብም መርከብ ከካርቱም የሚመጣለት በክረምት ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበር። አሜሪካኖቹ ያንን የወቅት ጥበቃ ማስቀረት ፈለጉ። ኮንግረሱ በ1866 የ4 ጫማ፣ በ1878 የ4 ጫማ ተኩል፣ በ1907 የ6 ጫማ ጥልቀት ፈቀደ። በ1930 የ9 ጫማው ጸደቀና አብዛኞቹ ግድቦች በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ ተሠሩ። ዛሬ 29 ሎኮች ይቆጠራሉ። ቁጥራቸው እስከ 27 ነው የሚሄደው፤ 23 የሚባል የለም፣ 5ኤ የሚባል ግን አለ፣ የሚኒያፖሊሶቹ ሁለቱ ደግሞ በቁጥር ሳይሆን በሴንት አንቶኒ ስም ነው የሚጠሩት። ከሴንት ሉዊስ በታች ሎክ የለም፤ ሚዙሪ ከዚያም ኦሃዮ ስለሚቀላቀሉ ውሃው ይበቃል።

አንተን በቀጥታ የሚነካህ ከግድቦቹ በፊት የተሠራው ነገር ነው። ለ4 ጫማ ተኩሉና ለ6 ጫማው ሲሉ ከዳር ወደ መሐል ድንጋይና የአኻያ ጭራሮ እየደረደሩ ወንዙን አጠበቡት፤ ውሃው ሲጠብ ፈጥኖ አሸዋውን ራሱ እንዲጠርግ። ዊንግ ዳም ይባላሉ። ግድቦቹ ውሃውን ከፍ ሲያደርጉት ከሥር ቀሩ፤ አሁንም እዚያው ናቸው። ውሃው ላይ ከዳር ተነስቶ ወደ መሐል የሚዘረጋ ቀጥ ያለ የሞገድ መስመር ካየህ በላዩ አትንዳ፣ ፕሮፔለርህን ይሰብርብሃል። ውሃው ላይ በሚንሳፈፉት በቀዩና በአረንጓዴው ምልክት መካከል ሂድ፤ ወደ ላይ ስትወጣ ቀዩ በቀኝህ ይሁን።

አሁን ወደ ሎኩ። ሎክ ማለት በሁለት በሮች መካከል ያለ የኮንክሪት ክፍል ነው፤ አብዛኞቹ 600 ጫማ (183 ሜትር) ይረዝማሉ። ፓምፕ የለም፤ ቫልቭ ሲከፈት ውሃው በቦይ ውስጥ በገዛ ክብደቱ ይገባል ወይም ይወጣል። ስትደርስ ረጅሙ ግንብ ጫፍ ላይ ያለውን ገመድ ሳብ፣ ሬዲዮ ካለህ በቻናል 14 ጥራ፤ ከዚያ አረንጓዴ መብራት እስኪበራ ራቅ ብለህ ጠብቅ። የግል ጀልባ ተራው የመጨረሻ ነው። 15 ባርጅ (ሞተር የሌለው የጭነት ጀልባ) የሚገፋ ቶውቦት፣ ማለት ገፊ መርከብ፣ ከቀደመህ እህል የጫነው ያ ሁሉ ነገር ክፍሉ ውስጥ በአንዴ ስለማይገባ ለሁለት ይከፈላል፤ መጀመሪያ 9 ባርጅ፣ ቀጥሎ 6ቱ ከነገፊው። አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ለልጆቹ የሚበላ ያዝ። አንድ ባርጅ 1,360 ቶን ገደማ ይጭናል፤ የገፊው ነጂ ቢጨንቀው እንኳ ድንገት ማቆም አይችልምና ፊቱን አታቋርጥ።

ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ሁሉም ላይፍ ጃኬት ይልበስ፣ ሞተር ይጥፋ። ሠራተኛው ከላይ ገመድ ያወርድልሃል። ገመዱን በእጅህ ያዝ እንጂ ጀልባህ ላይ አትቋጥር። ሄስቲንግስ ላይ ውሃው 12 ጫማ ገደማ ይወርዳል፤ የቋጠርክ እንደሆነ ጀልባዋ ግንቡ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ግንቡ እርጥብና የሚያዳልጥ ነው፣ ልጆች እጃቸውን በግንቡና በጀልባው መሐል እንዳያስገቡ። አጭር የጡሩምባ ድምፅ ስትሰማ ቀስ ብለህ ውጣ።

ከግድቡ በላይ 600 ጫማ፣ ከታች 150 ጫማ ክልክል ነው። ከግድቡ በሮች ሥር ዎልአይ የተባለው ዓሣ ይሰበሰባል፤ ብዙ ሰው የሚፈተነው እዚያ ነው። እባክህ አትጠጋ። ከበሩ ሥር የሚገለበጠው ውሃ ጀልባን ወደ ኋላ፣ ወደ ግድቡ ይስባል፤ ላይፍ ጃኬት የለበሰ ሰው እንኳ አይወጣም።

በሚኒያፖሊስ በኩል ወደ ላይ ልለፍ ብለህ ግን አታቅድ። 49 ጫማ የሚያነሳው የላይኛው ሴንት አንቶኒ ሎክ የእስያ ካርፕ የተባለው ወራሪ ዓሣ ወደ ሰሜን እንዳያልፍ በ2015 ተዘግቷል። በዚያ ማለፍ ለሚወድ ሰው ቅር ያሰኛል፤ እኔ ግን ትክክል ነበር እላለሁ፣ ካርፑ አንዴ ካለፈ የሚመልሰው የለም።

ግድቦቹ ያስከፈሉትም አለ። ውሃው ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ደሴቶች በሞገድ ተሸርሽረዋል፣ ጎን ጎን ያሉት ጸጥ ያሉ ውሃዎች በደለል እየሞሉ ነው። ላክሮስ ከተማ አጠገብ ያለውን 8ኛውን ገንዳ (በሁለት ግድቦች መካከል ያለውን የወንዝ ክፍል) በ2001 እና በ2002 በጋ ሆን ብለው ዝቅ ሲያደርጉት የረግረግ ተክሎቹ መልሰው በቀሉ። ይህ በየገንዳው ቢለመድ ደስ ይለኛል፤ መርከቡም ዓሣውም የሚኖርበት መንገድ እንዳለ አሳይቷል።

የመጀመሪያ ጊዜህን የሥራ ቀን አድርገው፣ ቅዳሜና እሑድ ጀልባ ይበዛል። ከዚያ በፊት አንድ ቀን በመኪና ሄደህ ከመመልከቻው ላይ ሌሎች ሲያልፉ እይ። ሎኮቹን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር የወንዙን ካርታ በድረ ገጹ ላይ በነጻ አስቀምጧል፤ ዊንግ ዳሞቹ አንድ በአንድ ተሥለውበታልና ጀልባዋን ከማውረድህ በፊት ስልክህ ላይ ጫነው።