መልስ፦ የወላጆችን አሮጌ ቤት ቀለል አድርጎ ስለማደስ

እህቴ፣ የወላጆችሽን አሮጌ ቤት ቀለል ባለ መልኩ ለማደስ አስበሽ «ከቀለም ልጀምር ወይስ ከዕቃ?» ብለሻል። ከሁለቱም አትጀምሪ። መጀመሪያ ጣሪያውን፣ አሸንዳውን፣ የውሃ ቧንቧውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን በባለሙያ አስፈትሺ። ግድግዳው እርጥበት ካለው ምንጩ ሳይዘጋ የተቀባ ቀለም ሁሉ ይላጣል፤ ገንዘብሽም ውሃ በላው ማለት ነው።

ልስኑ የኖራ ወይም የጭቃ ከሆነ አደራ፣ በላዩ ሲሚንቶ እንዳታስለስኚ። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ውሎ አድሮ ልስኑ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ኖራውን በኖራ፣ ጭቃውን በጭቃ አስጠግኚ። አዲሱ ልስን በደንብ ሳይደርቅም አትቀቢው። ደግሞ የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ሳታስመረምሪ በደረቁ አትፈግፍጊው። አቧራው በተለይ ለሕፃናት አእምሮ አደገኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ደስ የሚል ሥራ ነው። ለሁሉም ክፍል አንድ ሞቅ ያለ ነጭ ይበቃል። ከመግዛትሽ በፊት ግን ናሙናውን ግድግዳው ላይ ቀብተሽ ቀንም ማታም እዪው፤ በመብራት መልኩ ይለወጣል። የድሮዎቹን የእንጨት በሮች እባክሽ አትጣያቸው! እንጨታቸው ጤነኛ ከሆነ ጠግኖ ማደስ ይቻላል። ከወላጆችሽ ዕቃ ደግሞ የምትወጃቸውን ጥቂቶቹን አስቀሪና ዙሪያቸውን ባዶ ተዪላቸው።